ካፒቴኑን ለሰርጉ ማን ጠራው?

ሥራ ካላችሁ ትንሽ ይቆይ፤ ቁጭ በሉ። የማወራላችሁ ሌላ ፕላኔት ላይ ተደግሶ ሊፈርስ ስለነበረ ሰርግ ነው። ሙሽራዋ እምቢ ብላ አልነበረም፤ ሙሽራውም አልጠፋም። የጠፋው ድስት ነው። ሰምቶ ሲጨርስ "ጊዜዬን በላኸው" የሚል ካለ፣ ጅማ ሲመጣ ይፈልገኝና የአቮካዶ ጭማቂ እጋብዘዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ዋስትና አለ?

ግን መጀመሪያ ትንሽ ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ። እናቴ "ይሄ ልጅ 'እንዴት አደርክ' ሲሉት እንኳ ከመግቢያ ነው የሚጀምረው" ትላለች።

የምሠራው ኮሌጅ በር ላይ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ተማሪ የሚያመጣውን ሁሉ ማሽኑ ሲገለብጥ እኔ አነባለሁ። ፊዚክስ፣ የከብት እርባታ፣ የሕንጻ ሥራ፣ የወባ ትንኝ። ችግሩ ገጹን በመስታወቱ ላይ ሳስተኛው ለእኔ የሚታየኝ ጀርባው ብቻ ነው። ስለዚህ የማውቀው ሳይንስ ግማሹን ገጽ ነው። የቀረውን ከስልኬ እሞላለሁ፤ ስልኬ ያልሞላውን ደግሞ ከራሴ። እንዲህ ከራሴ ስሞላ ስሞላ ደራሲ ሆንኩ።

የምጽፈው የጠፈር ታሪክ ነው። ሰዎች በመርከብ ከምድር ተነስተው ሩቅ ፕላኔት ላይ ይሰፍራሉ። ሦስት ሆነን በድምፅ እንቀዳውና በየእሁዱ ቴሌግራም ላይ እንለቀዋለን። አንዷ ነጃት ናት። አባቷ ቦሳ ኪቶ ውስጥ የስፖንጅ ፍራሽ ይሸጣል፤ ስቱዲዮአችን የእሱ መጋዘን ነው። ፍራሾቹን ዙሪያውን አቁመን መሀላቸው ስንገባ የባጃጅ ጡሩምባ እንኳ አይሰማም። ነጃት ድምፅ ትቀዳለች፣ ታቀናብራለች፣ እኔን ትሰድባለች። ሌላው ታምራት ነው፤ ከጎንደር የመጣ የኮሌጅ ተማሪ። እሱ ይተውናል፤ ተዋናይ ሲጎድል ሦስትም አራትም ሰው ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሰው ምድርን ለቆ ሩቅ ሲሰፍር ዘሩና ባህሉ ምን ይሆናል? ይሄ ጥያቄ ለጠፈር ጸሐፊ ከሮኬቱ ሞተር ይከብዳል። ያየኋቸውና ያነበብኳቸው ታሪኮች ብዙዎቹ በሁለት መንገድ ነው የሚያመልጡት። አንዳንዶቹ ሰውን ሁሉ ቀላቅለው አንድ ያደርጉታል። አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ ቋንቋ፣ ከቱቦ የሚጨመቅ አንድ ምግብ። "የማን ልጅ ነህ?" የሚል የለም። ሌሎቹ ደግሞ ለየዘሩ ለብቻው ፕላኔት ይሰጡታል። ጦረኛው እዚህ፣ ነጋዴው እዚያ። አንድ ሙሉ ፕላኔት ነጋዴ! እስቲ አሁን ማን ለማን ይሸጣል?

ጅማ ያደገ ሰው ሁለቱም አይዋጡለትም። የእኛን መንደር ብቻ ውሰዱ። በቀኝ ጉራጌ፣ በግራ ከፋ፣ ፊት ለፊት ኦሮሞ፤ ከኋላ ደግሞ ከጎጃም ለቡና ለቀማ መጥተው "በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ" እያሉ የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌ። እኔ ራሴ አባቴ የዳውሮ፣ እናቴ የሸዋ ናቸው። የምቆጣው በአማርኛ ነው፤ የምከራከረው በኦሮምኛ። ዳውሮኛ የማውቀው አባቴ የቆመ መኪና ሲገፋ የሚናገረውን ብቻ ነው፤ እሱም በሰው ፊት አይባልም።

አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ማንም አጥንቶት አይደለም፤ እኔ በሰፈራችን አጥንቼዋለሁ። ሰው ሩቅ ሲሰፍር ቋንቋውን ይጥላል፤ ልብሱን ለበዓል ብቻ ያስቀምጣል። ሆዱ ግን አይረሳም። አጋሮ አንድ የጨርቅ ነጋዴ አውቃለሁ። አያቱ ናቸው ከጉራጌ አገር የመጡት። እሱ አንዲት ቃል ጉራጊኛ አይችልም፤ ሕልም እንኳ የሚያየው በኦሮምኛ ነው። አንድ ቀን ክትፎ ቤት ገብቶ ክትፎው በማሽን የተፈጨ መሆኑን አወቀ። ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። "ይሄ ስድብ ነው" አለ። "ኧረ ማን ሰደበህ ጌታው?" ሲሉት ምን ቢል ጥሩ ነው? "አያቴን!"

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ታዲያ የራሴን ፕላኔት ስሠራ ምን አደረግኩ? ቀላቀልኳቸዋ! ሰላም ፈልጌ ነው። ምድር ላይ የሰለቸንን ንትርክ ጠፈር ድረስ ለምን እንሸከማለን ብዬ ነው። ሁሉም አንድ ሆኑ፤ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ማዕድ። ፕላኔቷንም በድሮው የጅማ ገበያ ስም ሂርማታ አልናት። ያማረች ፕላኔት ነበረች፤ አባ ፊጣ እስኪመጡ ድረስ።

አባ ፊጣ ማን ናቸው? ጅሬን ዳገቱ ላይ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቡና ጭነው አዲስ አበባ ሲመላለሱ ኖረዋል። አንድ ቀን ፍራሽ ሊገዙ መጥተው ከነጃት አባት ጋር ሲከራከሩ እኛ ጓዳ ሆነን ሰማናቸው። ድምፃቸው ዳገት ላይ ማርሽ የሚቀይር ትራክ ነው። ነጃት ክንዴን ቆነጠጠችኝና "ይሄ ነው ካፒቴናችን!" አለች። ለመንናቸው። "ምን ይነዳል?" ብለው ጠየቁ። "የጠፈር መርከብ" አልን። "ተሳቢ አለው?" አሉ። አለው አልናቸው። እሺ አሉ።

እንደ አባ ፊጣ ያለ ተዋናይ አይገኝም፤ እንደ እሳቸው ያለ አስቸጋሪም አይገኝም። ለምሳሌ ሂርማታ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጨረቃ ነበራት። ለውበት ብዬ ነው። አባ ፊጣ ይሄን ሲያነቡ መነጽራቸውን አወለቁ። "ረመዳን የሚያዘው በየትኛዋ ነው?" አሉ። በትልቋ ይሁን አልኩ። "ትንሿ ቀድማ ከታየችስ? ግማሹ ሰው ሲጾም ግማሹ ኢድ ሊያደርግ ነው?" ታምራት ሳቀ። ነጃት አልሳቀችም። "እውነታቸውን ነው፤ ምን ታካብዳለህ፣ አንዷን አጥፋት" አለችኝ። ያቺን የመሰለች ጨረቃ በአንድ የእስክሪብቶ ጭረት ጠፋች። ጨረቃ ትጥፋ፤ ግድ የለኝም። ሰርጉ ላይ የሆነው ግን እንዲህ በጭረት የሚያልቅ አልነበረም።

ሰርጉ የድራማው ትልቁ ክፍል ነው። አድማጮቻችንን "በእሁድ ሰርግ አለ፣ እንዳትቀሩ" ብለን ጠርተናል። የመርከቡ መሐንዲስ ልጁን ይድራል፤ መሐንዲሱ ታምራት ነው። ካፒቴኑ መሀል አዳራሽ ቆሞ "ዛሬ ሁላችንም አንድ ነን፤ ከአንድ ሳህን እንብላ" ይላል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እኔ ራሴ እንባ ቢጤ መጥቶብኝ ነበር።

አባ ፊጣ እስከ "ሳህን" ድረስ አነበቡና ቆሙ።

"ሳህኑ ላይ ያለው ምንድነው?"

"ሥጋ ነው፣ አባ ፊጣ።"

"የምን ሥጋ? ፕላኔቷ ላይ ከብት የለም አላልክም?"

ደስ አለኝ። የሚያስረዳ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያገኝ ሰርጉ የእሱ ነው። ከምድር በመጣ ዘር፣ በርሜል ውስጥ፣ በሙቀትና በምግብ የሚያድግ ሥጋ መሆኑን አስረዳኋቸው። እንስሳ የለም፣ ደም የለም፣ ቢላዋ የለም።

"ማን ባረከው?"

"ማንም። ማሽን ነው የሚያወጣው።"

"ማሽኑ እስላም ነው ክርስቲያን?"

ታምራት ከፍራሹ ላይ በሳቅ ወደቀ። ወድቆም አልቀረም፤ ተነስቶ ፊቱን ኮስተር አደረገ። "ቆይ ግን ብሮ፣ የሙሽራዋ አባት ክርስቲያን ነው አይደል? እኔስ ብሆን ያልተባረከ ሥጋ ለልጄ ሰርግ አቀርባለሁ? ሼም አይደለም?" አለኝ። አያችሁ? እስላምና ክርስቲያን በአንድ ድምፅ ተስማምተው እኔ ላይ ዞሩ። ሰላም ፈልገህ ከሆነ ይኸው ሰላም።

"አባ ፊጣ፣ እኔ እኮ ልዩነቱን ነው ያጠፋሁት። ሁሉም እኩል እንዲሆን" አልኩ።

"ሜ ስማኝ፣ ልጄ" አሉ፤ ሜ ሲሉ እስቲ ማለታቸው ነው። "ልዩነቱን ስታጠፋ እኔም አብሬ ጠፋሁ። ከዚህ እስከ ሊሙ ክርስቲያን ልጁን ሲድር ቤቱ ድረስ የሚሄደው ወደ ማን ነው? ወደ እኔ ነው። 'አባ ፊጣ፣ ለእናንተ የሚሆነውን ወይፈን መጥተው ይምረጡ' ይለኛል። ቢላዬን ስዬ እሄዳለሁ። ሚስቴ ዘሃራም ድስቷን ይዛ ትሄዳለች። ጓሮ ሌላ ጉልቻ ይጎለታል፤ ወላሂ ከሙሽራው በላይ ነው የምንከበረው! ያንተ ሰርግ ላይ ግን ማንም አልጠራኝም። ዝም ብዬ አዳራሽ ውስጥ ተገኘሁ። እንደ ዝንብ።"

ወረቀቱን አጥፈው ፍራሹ ላይ አስቀመጡት። "እኔ እንዲህ ያለ ሰርግ ላይ አልገኝም። ጠፈርም ቢሆን" ብለው ወጡ።

አሁን ችግሩን ተመልከቱልኝ። እሁድ ደርሷል። ካፒቴኑ ከሌለ መርከብ የለም፤ መርከብ ከሌለ ድራማ የለም። ሌላ ሰው እንዳንተካ ያ ድምፅ የት ይገኛል? እኔ ሞከርኩት። ነጃት መልሳ አሰማችኝ፤ ጉንፋን የያዘው ፍየል ነበር የሚመስለው። "ካፒቴኑን እንግደለው" አልኩ። "ግደለው። ከዚያ ማን ያጥበዋል? በምን ይገንዛል? መቃብሩስ ወደየት ይዞራል?" አለች ነጃት። ከድስት ሸሽቼ ከፈን ላይ ልወድቅ ነው። ተውኩት።

ከሁሉም የከፋኝ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ተቀይመዋል። በማግሥቱ በሱቃችን በር ሲያልፉ ሰላም አሉኝ፤ ግን የወትሮዋን "ካፒቴን ነኝ!" የምትል የአፍ ጡሩምባቸውን ሳያሰሙ። ያቺ ጡሩምባ ከሌለች የፎቶ ኮፒ ቤት ቀን እንዴት ይረዝማል መሰላችሁ!

እቤት ገብቼ ራቴን ሳልነካ ስቀመጥ እናቴ "ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ነገርኳት። ከመግቢያው ጀምሬ፤ በርሜሉንም አስረዳሁ። እናቴን በርሜሉ አላስጨነቃትም።

"ካፒቴኑን ለሰርጉ የጠራው ማነው?" አለች።

"ማንም አልጠራውም፤ ካፒቴን ነው፣ እዚያው ነው ያለው።"

"ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ሽማግሌ ሳይጠራ መጥቶ ብላ ይባላል? በል ተነስ። የሙሽራዋን አባት ይዘህ ሄደህ ጥራቸው።"

"የሙሽራዋ አባት እኮ ታምራት ነው።"

"ታዲያ ታምራትን ይዘህ ሂድ።"

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል ሰምታችኋል። እኔ ሁለት ጉልቻ ሳይ የሚታየኝ መሀላቸው ያለው አጥር ነበር። እናቴ የሚታያት ደግሞ ከአንዱ ጉልቻ ወደ ሌላው ስትመላለስ ያወጣችው ወሬ ነው። "ሊጡ የእኔ፣ ሳቁ የዘሃራ ነበር" ትላለች ስለ አክስቴ ሰርግ፤ የእስላሙን ጉልቻ የያዙት የአባ ፊጣ ባለቤት ነበሩ። ለብቻ መቀቀል መለያየት መስሎኝ ሳለ፣ ለካ ለእንግዳህ ብለህ የራስህን ጓሮ ማስፋት ነው። ይሄን ግን እናቴ አላለችም፤ እኔ ነኝ የማስረዳው።

በማግሥቱ ከሰዓት ጅሬንን ወጣን። ታምራት ነጠላ ተውሶ አጣፍቷል። ነጃት ስልኳን በሻርፗ ስር ይዛ ከኋላ ትከተላለች። አባ ፊጣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ታምራት ጎንበስ ብሎ፣ በሽማግሌ ድምፅ፣ "ካፒቴን፣ እንዴት ዋሉ። ልጄን ልድር ነው" አለ።

ይስቁብናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቁም። ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ያ ትራክ ማርሹን ቀየረ።

"መሐንዲስ! ግባ እንጂ፤ ደጅ ቆሞ ልጅ አይዳርም። መቼ ነው?"

"በእሁድ ነው። ለእናንተ የሚሆነው ለብቻው ይሠራል። መጥተው ያዩልኛል ብዬ ነው። ቢላዎን..."

"ቢላዋ የለም አልተባለም እንዴ በዚያ አገር?" አሉና በዓይናቸው እኔን ወጉኝ።

በዚህ መሀል ባለቤታቸው አደ ዘሃራ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ። ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። "ሰርግ" የሚለውን ብቻ ነው የሰሙት። "ስንት ሰው ነው? በትልቁ ድስት ነው በመካከለኛው?" አሉ።

ሁሉንም ነገርናቸው። ሌላ ፕላኔት መሆኑን፣ ሥጋው በርሜል ውስጥ እንደሚያድግ። አደ ዘሃራ አሰቡ።

"አንገት አለው?"

"የለውም፣ አደ።"

"ታዲያ ምኑ ይታረዳል?"

ሁላችንም ወደ አባ ፊጣ ዞርን። ጺማቸውን ዳበሱ። "ሹፌር ቢስሚላህ የሚለው መኪናው ሲነሳ ነው እንጂ ሲቆም ነው እንዴ? ሥጋውም ሲዘራ ይባልለት። ለእኛ በርሜል ለብቻ ይኑር፤ ዘሩን እኔ ራሴ በእጄ ልጨምር። ወላሁ አዕለም፣ አላህ ያውቃል፤ እንዲያው ለጨዋታው ነው፤ የቀረውን ሼኩን እጠይቃለሁ" አሉ። ታምራት ቀበል አድርጎ "የእኛንም ቄሱ ይባርኩታል፤ ረቡዕና ዓርብ ግን በርሜሉ ይዘጋል" አለ። ሂርማታ ላይ ረቡዕ መቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ። እያሰብኩበት ነው።

"ድስቱስ?" አሉ አደ ዘሃራ።

እዚህ ላይ ሳይንስ ተናነቀኝ። ለጠፈር ጉዞ እያንዳንዷ ኪሎ ስንት ነዳጅ እንደምትበላ፣ ድስት ተጨማሪ ክብደት መሆኑን፣ መርከቡ ውስጥ የጋራ ዕቃ እንዳለ ማስረዳት ጀመርኩ። አደ ዘሃራ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁም።

"ያንን ሁሉ ሰው የጫነ መርከብ አንዲት ድስት ከበደችው?"

"እሸከማታለሁ!" አሉ አባ ፊጣ። "እኔ ነኝ የምነዳው። ጋቢናዬ ውስጥ አስገባታለሁ።"

ነጃት ከሻርፗ ስር ስልኩን አወጣችና "ተቀድቷል" አለች። አባ ፊጣ ደነገጡ። ቀጥለው ምን አሉ? "ዘሃራ የተናገረችው ጥሩ ተሰማ?"

በእሁድ ሰርጉ ተለቀቀ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ጭፈራ አጠረ፤ ጅሬን በረንዳ ላይ የተቀዳው ጥሪ ግን እንዳለ ገባ። ካፒቴኑም በክብር መጣ። "ዛሬ ሁላችንም አንድ ነን" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ወጣች። በእሷ ፋንታ ካፒቴኑ በሩ ላይ ቆሞ "ጉልቻችን የት ነው?" ይላል፤ የሙሽራዋ አባት "በዚህ በኩል፣ ነፋስ የማያገኘው ቦታ" ይለዋል። በቃ። ይቺ ብቻ። ስንት ሰው ይቺን ሰምቶ እንደጻፈልን ብታዩ! ስለ ሮኬቱ ሞተር አንድ ሰው አልጠየቀም። ሞተሩን ስንት ሌሊት አስቤበት መሰላችሁ። ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ድስቷ ነው። "ክዳን አላት?" ያለም አለ። አንዲት የሊሙ እናት ደግሞ "ለሙስሊሞቹ የተሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፤ ለሚቀጥለው ይታሰብበት" ብለው በድምፅ መልእክት ገሠጹን። አሰፋነው። ፕላኔት እንደሆነ ሰፊ ነው።

ጡሩምባውም ተመለሰ። አባ ፊጣ በየቀኑ በሱቃችን በር ሲያልፉ "ካፒቴን ነኝ!" ይላሉ፤ ወረፋ የያዙት ተማሪዎች ይስቃሉ።

ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አባ ፊጣ ሱቅ ድረስ መጡ።

"ኢድ እየደረሰ ነው፤ ሂርማታ ላይ" አሉ።

"እሺ፣ አባ ፊጣ።"

"ካፒቴኑ ለመሐንዲሱ ቤት ምን ይልካል? እሱ በሰርጉ አክብሮኛል፤ እኔ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ነው?"

"ከበርሜሉ..."

"ከእኔ በርሜል የወጣውን እሱ እንዴት ይበላል? ለክርስቲያን ጎረቤት የሚላከው በግ ነው፤ በሕይወቱ። እሱ ራሱ እንዲያርደው። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ እኔም እንዲህ ነው የማደርገው።"

"አባ ፊጣ፣ ፕላኔቷ ላይ በግ የለም።"

"አምጣዋ!"

አሁን እንግዲህ ችግሬ በግ ነው። በግ ሂርማታ ላይ እንዲኖር ከምድር መጫን አለበት። ከምድር ከተጫነ መርከቡ በረት ያስፈልገዋል። በረት ካለ ድርቆሽ ያስፈልጋል፤ ድርቆሽ ካለ ውሃ፤ ውሃ ካለ እረኛ። እረኛ ካለ ደግሞ እረኛውን ሰርግ መጥራት አለባችሁ። ያ ሁሉ ያሰብኩበት ሞተር ፈርሶ እንደገና እየተሠራ ነው። የከብት እርባታ ጥናት የሚያባዙ ተማሪዎች ሲመጡ አሁን ወረቀቱን ገልብጬ ሁለቱንም ገጽ አነባለሁ።

እናንተም ሞክሩት እላለሁ። ወረቀት አውጡና አንዲት ፕላኔት ሥሩ። ቀላል ነው፤ ጨረቃውንም ተራራውንም ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ጎረቤታችሁን አስፍሩባት፤ የሚጾመውንም፣ የማይጾመውንም፣ በክትፎ የሚጣላውንም። አንድ ሰርግ ደግሱ። ከመደገሳችሁ በፊት ግን እቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጥሩት፤ ምን ይዞ እንደሚመጣ ጠይቁት፤ የነገራችሁን ሁሉ ጻፉ። በጉን ብቻ ከመነሳታችሁ በፊት ጫኑት። ሰማይ ላይ ከወጡ በኋላ በግ ማስገባት፣ ወላሂ፣ ከባድ ነው።